የአባቴ የስኳር ቁጥር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ ስኳር ከያዘው 8 ዓመት ሆነው። ጠዋት ቡና ሳይቀምስ ጣቱን ወግቼ እለካዋለሁ። 190፣ 205፣ አንዳንዴም 210 ነው። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) ግን 5.4% ወጣ። «ጎበዝ አባት፣ በደንብ ተቆጣጥረውታል» ብለው ሸኙት። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ወጣት እያለ ለወባ ፕሪማኩዊን ወስዶ ሽንቱ ኮካ መስሎ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ያኔ ቀይ የደም ሕዋስን ከመፍረስ የሚጠብቀው የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት በዘር አለብህ ተባለ። ይሄ ይገናኛል?

መልስ፦
አዎ እህቴ፣ ይገናኛል። ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ያ ምርመራ የሚለካው ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሕዋሱ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። እጥረቱ ካለ ግን ቶሎ ሊሞት ይችላል፤ ስኳሩ ሳይጠራቀምበት ይሄዳል። ቁጥሩ ያለ አግባብ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። የጣቱን ልኬት በደብተር ጻፊና ለሐኪሙ አሳዪ። ፍሩክቶሳሚን ስለሚባለው ምርመራም ጠይቂ። እሱ የደም ፕሮቲን ላይ ያለውን ስኳር ስለሚያይ የሕዋሱ ዕድሜ አያዛባውም።

ሌላ መልስ፦
የሚውጠው የስኳር ኪኒን ግሊቤንክላሚድ ከሆነም ንገሪያቸው። እጥረቱ ላለበት ሰው ቀይ ደሙን ሊያፈርስ ይችላል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት! ባቄላም ያንኑ ሊያደርግ ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ጠያቂዋ፦
ኧረ እሱኑ ነው የሚውጠው! ተባረኩ። ነገ በጠዋት ደብተሩን ይዤ አብሬው እገባለሁ።