ከላስ ቬጋስ ዴዝ ቫሊ ደርሶ መመለስ፣ ሽማግሌ ይዞ

ከአገር ቤት የመጡትን አባትዎን በቅዳሜና እሁድ ዴዝ ቫሊን (ካሊፎርኒያ ያለውን የበረሃ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ) ለማሳየት ማሰብዎን ስላነበብኩ፣ እኔም ባለፈው የካቲት እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ የሄድኩ በመሆኔ ያየሁትን ልንገርዎ።

በፓራምፕ ከተማ በኩል መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ፓርኩ ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሁሉንም ልይ ያለ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። እኛ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን፣ ፓራምፕ ላይ ቤንዚን ሞልተን (ፓርኩ ውስጥ ዋጋው ያስደነግጣል)፣ ፀሐይ ስትወጣ ዛብሪስኪ ፖይንት የሚባለው መመልከቻ ላይ ከፔርሙስ ቡና እየቀዳን ነበር። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን የሚከፈለውም በካርድ ብቻ ነው።

ከዚያ የወረድነው ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ወደሚገኘው ባድዋተር የጨው ሜዳ ነው። እናቴ ነጩን ሜዳ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው ቀመሱና «ይህማ አሞሌ ነው!» አሉ። በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ከአፋር በግመል ተጭኖ የሚመጣውን ጨው ያውቁታልና ለልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዷቸው። ትንሹ ልጄ ኪሱ ውስጥ የከተታትን ስባሪ፣ ከፓርኩ ምንም ነገር መውሰድ ክልክል ስለሆነ አስመለስኩት፤ እናቴ ግን «የእግዜርን ጨው ማን ይከለክላል?» ብለው እስካሁን ይታዘቡኛል።

ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ካርታውን አስቀድሜ ስልኬ ላይ አለመጫኔ ነው። ኔትወርክ በአብዛኛው ቦታ ስለሌለ አንድ መገንጠያ ላይ ተሳስቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ሌላ መኪና ሳናይ ተጓዝን። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር ውኃ መያዝ ያስፈልጋል፤ መኪና ቢበላሽም ጥሎ በእግር መሄድ አይገባም።

በበጋቸው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አባትዎን ባይወስዷቸው እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዚሁ ሸለቆ ነው። በክረምታቸው፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ግን ጋቢ አይርሱ፤ ዳንቴስ ቪው የሚባለው መመልከቻ 1,669 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ንፋሱ ያንቀጠቅጣል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነም የዛብሪስኪ መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገት ስላለው ይለፉትና ቀጥታ ወደ ጨው ሜዳው ይውሰዷቸው፤ እሱ ለጥ ያለ ነው።