እማዬ ረስታ ነው ወይስ አልሰማች?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ጀምሯታል ተብሎ መድኃኒት ላይ ናት። ግራ የገባኝ ነገር ግን አለ። በስልክ ሳወራት ጭራሽ ሌላ ነገር ትመልስልኛለች፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ረጋ ብዬ ሳወራት ግን የጠዋቱን ወሬ ሳይቀር ታጫውተኛለች። ሰው ሲበዛ ደግሞ ዝም ነው። እህቴ «በሽታው ነው፣ ልመጂው» ትለኛለች። ጆሮዋን ላስመርምራት ወይስ በዚህ ዕድሜዋ ማንገላታት ነው? ምርመራውንስ ትችለዋለች?

ነርሷ፦
አስመርሚያቸው እንጂ! በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ የመሳሰሉትን። ስለዚህ ሰው እያወራ እንደሆነ ይሰማሉ፣ ምን እንዳለ ግን አይለይላቸውም። «ስልኩ» ስትያቸው «ልኩ» ብለው ሰምተው መልሳቸው ቢዘባረቅ፣ ቤተሰቡ ቶሎ የሚያስበው መርሳቱን ነው። ስልክ ደግሞ እነዚያኑ ድምፆች ይቆርጣል፣ ከንፈርሽም አይታያቸውም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የማስታወስ ፈተናው በብዛት በቃል ነው። «እነዚህን 5 ቃላት ያዙ» ተብለው ቃላቱን በደንብ ካልሰሙ ከየት አምጥተው ይደግማሉ? ያኔ ጆሯቸው ታይቶ ነበር? መርሳቱ የለም ማለቴ አይደለም፣ ሁለቱ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

መጀመሪያ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ኩክ መኖሩ ይታይ፣ አንዳንዴ ግማሹ ችግር እሱ ነው። በጥጥ እንዳትጎረጉሪው ብቻ። የመስማት ምርመራው ድምፅ ሲሰሙ እጅ ማንሳት ስለሆነ፣ መርሳቱ ካልከፋ ብዙዎች ይችሉታል። ካልቻሉም ምንም መልስ ሳይሰጡ የሚለካበት መንገድ አለ።

አስታማሚ፦
አባቴ ሁለቱም አለበት። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ሲገባለት መጀመሪያ ሰሞን ጋዜጣ ሲገለጥ እንኳ ይረበሽና አውልቆ ኪሱ ይከተው ነበር። ጸጥ ባለ ክፍል፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እያወራ አስለመድነው። አሁን ጠዋት መነጽሩን ሳደርግለት እሱንም አብሬ አደርግለታለሁ፣ ራሱ ያስታውሳል ብሎ መተው አይሆንም። ካልተመቻት በማዳመጫ የምትሰማበት ትንሽ ድምፅ ማጉያም አለ። ደግሞ አትጩሂባት፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል፣ ፊትሽም የተቆጣሽ ይመስላል። ቴሌቪዥኑን ዝጊ፣ ብርሃን ፊትሽ ላይ ይሁን።

ሳቢ፦
መስሚያ መርሳትን ያቆማል የሚባለው እውነት ነው?

ነርሷ፦
የጀመረውን አያድንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርት የመስማት ችግርን ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ለመርሳት የሚያጋልጡ ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። በ2023 ደግሞ አቺቭ የተባለ የአሜሪካ ጥናት ወጥቷል። ወደ 1,000 የሚጠጉ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ ሰዎችን 3 ዓመት ተከታትሎ፣ ባጠቃላይ ሲታይ መስሚያ በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ለመርሳት ይበልጥ ተጋላጭ በሆኑት ላይ ግን መስሚያ ሲሰጣቸው የአእምሮ መዳከሙ ፍጥነት በ48 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ ግን በሽታው ገና ያልጀመራቸው ናቸው። ለጀመረው ሰው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከሰው ጋር ማውራት፣ ከጨዋታው አለመገለል። እኔ ይህን ቀላል ነገር ነው አልልም።

የእማዬ ልጅ፦
ተባረኩ። የፈተናው ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። ለእህቴም አስነበብኳት፣ ቀጠሮ እንይዛለን።

ነርሷ፦
የጆሮውን ውጤት መድኃኒቱን ላዘዘላቸው ሐኪም ውሰጂለት፣ ፈተናውን በደንብ እየሰሙ እንዲደግምላቸው ጠይቂው።