ኩባንያው ይቅደም ወይስ ላብራቶሪው? ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሰላም። ፒኤችዲ ላይ ነኝ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚደግፈው የማሪ ስክሎዶቭስካ-ኪዩሪ የዶክትሬት ኔትወርክ ውስጥ። በዚህ ፕሮግራም ተማሪው ከቆይታው እስከ አንድ ሦስተኛውን ከቀጠረው ተቋም ውጭ፣ ኩባንያ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ መሥራት ይችላል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። እኔን ግራ ያጋባኝ የቱ ይቅደም የሚለው ነው።

ኩባንያው የሚፈልገኝ አሁን ነው። የምሠራው በእነሱ የሴንሰር ዳታ ላይ ነው፣ ሌላ የትም የማላገኘው ዓይነት። የላኩልኝ ውል ግን ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እነሱ አይተው መፍቀድ አለባቸው ይላል፤ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጡ አልተጻፈም። እዚህ ጋ ነው ሆዴን ባር ባር የሚለው። ጽሑፉ እነሱ ጋ ተቀምጦ ቢቀርስ? መመረቂያዬ ውስጥ ማስገባት ብከለከልስ? አማካሪዬ ደግሞ መጀመሪያ ወደ አጋር ላብራቶሪው ሂጂና ሞዴሉን ጨርሺ ትለኛለች፤ ልክ ናት፣ ግን እስከዚያ የኩባንያው ፕሮጀክት ሊያልቅ ይችላል።

እባካችሁ በዚህ ያለፋችሁ፣ ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ይግባልኝ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው? ማን ነው የሚጠይቀው፣ እኔ፣ አማካሪዬ ወይስ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል? ዳታውን እዚያው ትቼ ውጤቱን ብቻ ይዤ የምወጣበት መንገድስ አለ? አንዴ ከፈረምኩ መለወጥ ስለሚከብድ፣ የእናንተ ውል ላይ አንቀጹ እንዴት እንደተጻፈ ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።