ፖከር፦ ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) አንድ ካርታ ሲቀረው ይከፈላል ወይስ ይጣላል?

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሻማ አብርተን ቴክሳስ ሆልደም (ለየሰው ሁለት ካርታ ታድሎ አምስት መሀል ላይ የሚገለጥበት ፖከር) እንጫወታለን፣ በብር ሳይሆን በክብሪት እንጨት። ድሮ ኮንከር ነበር አሁን ግን ፖከሩ ይዞናል። እና እጄ ላይ የልብ ኤስና የልብ ዘጠኝ ነበረኝ፣ ፍሎፕ ላይ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) ሁለት ልብ ወረደ፣ ተርን ላይ (አራተኛው) የማይረባ ካርታ መጣ፣ መሀል 60 እንጨት አለ፣ ጎረቤቴ ሌላ 60 ወረወረ። አስቤ አስቤ ጣልኩ። ከዛ ሪቨሩ (የመጨረሻው አምስተኛ ካርታ) ሲገለጥ ልብ ሆኖ አረፈው! "ፈሪ፣ የእጅህን ነው የጣልከው" ብለው ጨረሱኝ። እውነት መክፈል ነበረብኝ? እንዴት ነው የሚታወቀው?

ቀስ በል፦
በደንብ ነው የጣልከው ወንድሜ፣ ማንም እንዳያሳምንህ። ሪቨር ላይ የወረደው ካርታ ስትወስን አይታይህም፣ የሚታይህ ዋጋውና ዕድልህ ነው። ልብ በጠቅላላ 13 ነው፣ አራቱን አይተሃል፣ 9 ቀረ። ያላየኸው ካርታ ደግሞ 46 ነው። ስለዚ የሚሞላልህ ከ5 አንዴ ገደማ ነው። ልጁ ግን 120 ለማግኘት 60 ክፈል እያለህ ነው፣ ይሄ እንዲያዋጣህ ከ3 አንዴ ማሸነፍ አለብህ። "ኤስ ቢወርድም አሸንፋለሁ" ብትል እንኳን ሦስቱን ኤስ ጨምረህ 12 ነው፣ 26 ከመቶ፣ አሁንም አይደርስም። 10 እንጨት ብቻ ወርውሮ ቢሆን ግን 70 ለማግኘት 10 ነው የምትከፍለው፣ ዓይንህን ሳታሽ ክፈል። ለአቋራጭ፣ አንድ ካርታ ሲቀር የሚጠቅሙህን ካርታዎች በ2 አባዛ፣ ሁለት ሲቀር በ4፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ በግምት ይሰጥሃል።

የለገጣፎዋ፦
ቀስ በል ያለው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘሏል። ጎረቤትህ ፊት ለፊቱ ስንት እንጨት ቀርቶት ነበር? ፍላሹ ከሞላልህ በኋላ ሪቨር ላይ ሌላ ወደ 130 የሚከፍልህ ከሆነ መክፈሉ ያዋጣ ነበር፣ ምክንያቱም ከ46ቱ 37ቱ ላይ 60 ታጣለህ፣ 9ኙ ላይ ግን የምታገኘው መሀል ያለውን 120 ብቻ አይሆንም። ችግሩ ሦስተኛ ልብ ሲወርድ ሰው ይደነግጣል፣ የሚከፍልህም ሁሌ አይገኝም። እና ሁሌ መጀመሪያ የሰውዬውን ክምር እይ።

የኮዬ ልጅ፦
እሰይ! 40 ብቻ ነበር የቀረው። በጣም አመሰግናለሁ፣ ነገ አሳያቸዋለሁ። ሌላው ደግሞ በየትኛው ካርታ ነው መጀመር ያለብኝ፣ እኛ ጋ ሁሉም ሰው በሁሉም ይገባል። ስትሬት (ቁጥራቸው ተከታታይ የሆኑ አምስት ካርታዎች) እና ፍላሽ የትኛው እንደሚበልጥም ሁሌ ያጨቃጭቀናል።

የሰበታው፦
ሁሉም በሁሉም የሚገባበት ጠረጴዛ ላይ መርጦ የሚገባ ሰው ነው የሚጠቀመው። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ጥንድ የሚያገኙት ከ3 አንዴ ያህል ነው፣ ሌላውን ጊዜ ባዶ እጅህን ነህ፣ ስለዚ ሲጀመር ካርታው ትልቅ ይሁን። ለጀማሪ ከ10 በላይ የሆኑ ጥንዶች፣ ኤስ ከኪንግ፣ ኤስ ከኩዊን ይበቁሃል፣ በነሱም ስትገባ ዝም ብለህ ከመክፈል ሬይዝ አድርግ (ውርርዱን ከፍ አድርግ)። ትንንሽ ጥንድ በርካሽ ከሆነ ግባ፣ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛው ካልመጣና ሰው ከወረወረ ጣል፣ ከ8 ወይ ከ9 አንዴ ነው የሚመጣው። "ሁለቱም ልብ ናቸው" ብለህ በማይረባ ካርታ አትግባ፣ ፍሎፕ ላይ ወዲያው ፍላሽ የሚሆነው ከ119 አንዴ ገደማ ነው።

ሌላው የምትቀመጥበት ቦታ ነው፣ ይሄን ጀማሪ አያየውም። ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ የሚናገረው አዳዩ ነው፣ የሁሉንም ሰምቶ ነው የሚወስነው፣ ስለዚ አንተ ስታድል ትንሽ ሰፋ አድርገህ ግባ፣ መጀመሪያ ተናጋሪ ስትሆን ደግሞ ጠበቅ በል። ብለፍ ለማድረግም (ጥሩ ካርታ ሳይኖርህ እንዳለህ አስመስለህ ለመወርወር) አትቸኩል፣ ሁሉም በሚከፍልበት ቤት ብለፍ አይሰራም፣ ጥሩ ሲኖርህ በደንብ አስከፍል። በክብሪት መጫወታችሁን ደግሞ እንዳትተዉት፣ እኛ ሰፈር በብር ሲሆን የቤት ኪራዩን ይዞ የመጣ ሰው አይቻለሁ፣ ያኔ ሂሳቡንም ጓደኛውንም ነው የሚረሳው።

ጭቅጭቁን በተመለከተ ፍላሽ ይበልጣል። በ5 ካርታ ስትሬት የሚሠራበት መንገድ 10,200 ነው፣ ፍላሽ ግን 5,108 ብቻ፣ የሚበልጠው ብርቁ ነው። ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይ ካርታና አንድ ጥንድ) ደግሞ ከሁለቱም በላይ ነው፣ ስለዚ መሀል ላይ ጥንድ ከወረደ የኤስ ፍላሽህም ሊሸነፍ ይችላል፣ እንጨቱን ሁሉ ከመግፋትህ በፊት ጠረጴዛውን እየው።