ዝም የሚል የአደራ ልጅን በጨዋታ ማቅረብ ይቻላል?

ጥያቄ (የአደራ እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስድስት ዓመት ልጅ በአደራ ተቀብለን እያሳደግን ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ አያስቸግርም፤ ግን ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ እንኳ ወደ እኛ አይመጣም። ጥግ ይዞ በእጅጌው ይጠርገዋል። አንጀቴን ይበላኛል። የጨዋታ ሕክምና ያቀራርባል ሲባል ሰማሁ፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ (የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ)፦
እህቴ፣ አለማስቸገሩ ተረጋግቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ከቤት ቤት የተዘዋወረ ልጅ ሕመሙን ለራሱ መያዝ ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት የጀመሩት ዘዴ አለ፦ ባለሙያው አሳዳጊውን ያሠለጥናል፣ ከልጁ ጋር የሚጫወተው ራሱ አሳዳጊው ነው። ልጁ ሊቀርብ የሚገባው አንቺን እንጂ ሐኪሙን አይደለማ!

በሳምንት አንዴ፣ 30 ደቂቃ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይለወጥ። ስልክሽን አጥፊ። ለዚያ ሰዓት ብቻ የሚወጡ መጫወቻዎች ይኑሩ፦ አሻንጉሊት፣ የእንስሳት ቅርጽ፣ ቀለም፣ የሐኪም ዕቃ። መሪው እሱ ነው። ጥያቄ አታብዢ፣ አታርሚው፤ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። «አንበሳውን ደበቅኸው፤ ማንም እንዳያገኘው ፈለግህ» ማለት ይበቃል።

መልስ (የአደራ አባት)፦
መወርወርና መማታት ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁ። እኛ እንዲህ ነው የምንለው፦ «ተናደሃል። እኔን ግን መምታት አይቻልም። ትራሱን መምታት ትችላለህ።» ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር ንገሩት። ሳምንቱን ሙሉ ቢያጠፋም ይህችን ሰዓት በቅጣት አትንጠቁት፤ አደራ!

መልስ (ሌላ አሳዳጊ)፦
እኛን የጠቀመን ቴራፕሌይ የሚባል ሌላ በጨዋታ የማቀራረቢያ ዘዴ ነው። እዚያ የሚመራው አዋቂው ነው፤ መጫወቻም ብዙ አያስፈልግም፦ ጭብጨባ መከተል፣ ላባ በእፍታ መቀባበል፣ እጅ ላይ ያለች ጭረት ፈልጎ ዙሪያዋን ቅባት መቀባት። ለጉልበቱ ነገር ይሄ ይረዳሽ ይመስለኛል። ግን የተመታ ልጅ ንክኪ ሊያስደነግጠው ይችላልና አስቀድመሽ ጠይቂው፤ እምቢ ካለ አሻንጉሊቱን ቀቢለት። በባለሙያ እገዛ ብትጀምሪው ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በጨዋታ መሃል ወላጅ እናቱን ቢያነሳስ?

መልስ (የሥነ ልቦና ባለሙያው)፦
ያንሳት። «ትናፍቅሃለች» በይው እንጂ ወሬ አታስቀይሪው፤ እናቱን መውደዱ አንቺን ከመቅረብ አያግደውም። ያው አስፈሪ ጨዋታ ሳይቀየር ከተደጋገመ፣ ወይም ጉዳት እንደደረሰበት የሚጠቁም ነገር ከተናገረ ግን አትመርምሪው። ቃሉን እንዳለ ጽፈሽ ጉዳዩን ለያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በዚያው ቀን አሳውቂ።