ጥቆማ፦ ኢንሱሊንና የልጆች ሽሮፕ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገዛ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለእናታችን ኢንሱሊን (ኤንፒኤችና ሬጉላር የሚባሉትን ሁለቱን ዓይነት)፣ ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሐኪም ሲያዝ አንቲባዮቲክ የምንገዛበት ቋሚ ቤት እየፈለግን ነው። ከነማ፣ ቀይ መስቀል፣ የሆስፒታል ወይስ የግል? ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት አያያዛቸውን የምታውቁ ጠቁሙን።

ፋርማሲስት፦ ሁሉንም ከአንድ ቤት ለመግዛት አትድከሙ። በዋጋ ከሆነ የከተማ አስተዳደሩ ከነማና ቀይ መስቀል አብዛኛውን ጊዜ ከግሉ ይረክሳሉ፤ ችግሩ ሰልፉና «አልቋል» መባሉ ነው። እናታችሁ የምትከታተልበት የመንግሥት ሆስፒታል ኢንሱሊን ካለው መጀመሪያ እዚያው ጠይቁ። የግሎቹ ውድ ናቸው፣ ግን ጥቁር አንበሳና ተክለሃይማኖት አካባቢ ፋርማሲ በፋርማሲ ስለሆነ አንዱ ጋ ያጣችሁት ሌላው ጋ አይጠፋም።

ለኢንሱሊን ግን እኔ የምመርጠው በፍሪጁ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ውስጡ ቴርሞሜትር፣ በሩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚሞላ ወረቀት ይኖራል። ወረቀቱ ላይ የሳምንቱ ቁጥር በአንድ እስክሪብቶ በአንዴ የተሞላ ከመሰለ ባዶ እንደሆነ ቁጠሩት። ከብልቃጡ ጎን ምሳ ዕቃ ወይም ለስላሳ ካያችሁ ውጡ፤ በሩ በየደቂቃው ይከፈታል ማለት ነው። ብልቃጦቹ የፍሪጁን የኋላ ግድግዳ መንካት የለባቸውም፣ ከበረዶ ቤቱ ሥርም መቀመጥ የለባቸውም። «ሌሊት መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጀነሬተር ወይም የቀዘቀዘ አይስ ፓክ ያለው ቤት ወዲያው ይመልስላችኋል። «ቶሎ ይመጣል» የሚላችሁን እለፉት።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ የባሰው ግን በረዶው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ጥቂት ሰዓት ከፍሪጅ ውጭ ቢቆይ አይበላሽም፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ግን ቢቀልጥም አይረባም። ኤንፒኤች በመዳፍ መሃል ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል እንደ ወተት አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል፤ ቅንጣት ከተንሳፈፈበት ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አትቀበሉ። ሬጉላር ግን በረዶ ሠርቶም ጥርት ብሎ ሊታይ ስለሚችል በዓይን አይለይም፤ ለዚህ ነው የፍሪጁ ነገር ዋና የሚሆነው። ወደ ቤት ስትወስዱ አይስ ፓኩን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካው።

ከተከፈተ በኋላ ብዙዎቹ 28 ቀን ነው የሚያገለግሉት (አንዳንዱ ይረዝማል፣ ውስጥ ያለውን ወረቀት ተመልከቱ)። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ፦ ጥር 1 የተከፈተ ጥር 29 ላይ ይጣላል፣ ቢተርፍም።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ድሬዳዋ ለምትኖር አክስታችንም ልንልክላት ነበር፤ ፍሪጅ የላትም።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ፦ የሦስት ወር አትላኩላት፣ እዚያው ከፍሪጅ በየወሩ ብትገዛ ይሻላል። በእጇ ያለውን ደግሞ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ታስቀምጠው። ደረቅ አየር ላይ ጥሩ ይሠራል። ከ2 እስከ 8 አያወርደውም፤ ለተከፈተው ብልቃጥ ግን ከቤቱ ሙቀት ብዙ ይሻላል።

ድራጊስት፦ ወደ ሽሮፑ ልመለስ። አሞክሲሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራምም 250ም አለ፤ የሁለቱ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ አንድ ይመስላል። ማዘዣው ላይ ያለውና ጠርሙሱ ላይ ያለው ካልገጠመ ልጁ ግማሹን ወይም እጥፉን ይወስዳል። ጎበዝ ቤት ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብላችኋል፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሰጣችኋል፣ ልኩንም ሲሪንጁ ላይ ያሳያችኋል። የሻይ ማንኪያ አትመኑ።

አበጣጠሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የመድኃኒት ዱቄት እንዲላቀቅ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከምልክቱ ግማሽ ያህል ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡ፤ አረፋው ሲበርድ እስከ ምልክቱ ሙሉና ድገሙት። ውሃው በአንዴ ከገባ ዱቄቱ ሥር ይጋገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ውሃ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሆናሉ። አረፋውን ለክታችሁ ካቆማችሁም ውሃው ያንሳል።

ሌላው የመጠቀሚያ ጊዜው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 03 ማለት ኅዳር አይደለም፣ መጋቢት 22 አካባቢ የሚያልቀው ማርች ነው። ኪኒን ከስትሪፕ ተቆርጦ ሲሸጥላችሁ ደግሞ ቀኑና ባች ቁጥሩ ያለበት ጫፍ ለእናንተ እንዲሆን ጠይቁ። «የጀርመን ነው የህንድ?» ከምትሉ ይህንን ብትጠይቁ ይሻላል፤ በሻንጣ የገባ የጀርመን መድኃኒት ተመዝግቦ ከገባ የህንድ አይበልጥም። ደረሰኙንም አትጣሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካገኛችሁ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ስትደውሉ ያስፈልጋችኋል።

ጠያቂ፦ አሞክሲክላቭ የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ለ10 ቀን ቢታዘዝስ? አንዱ ጠርሙስ «7 ቀን» ይላል።

ድራጊስት፦ ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ 7 ቀን ነው፣ ቢተርፍም ይደፋል። ሁለት ጠርሙስ ግዙ፤ ሁለተኛውን እስከ 8ኛው ቀን ጠዋት በዱቄቱ አቆዩት። ሁለቱንም በአንዴ በጥብጦ የሚሰጣችሁ ቤት ካለ፣ የምትፈልጉት ቋሚ ቤት እሱ አይደለም።