ልጄ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዷታል፤ ሕክምናው ምንድን ነው?

እናት ከቦሌ አራብሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ ተጫዋች ናት፤ ከበር ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለምትፈራ ሌላ ሰው እስኪወርድ ትጠብቅና በእግሯ ትመለሳለች። ፕረዘንቴሽን ያለ ቀን ሆዴን አመመኝ ብላ ትቀራለች። ሱቅ ስንሄድ በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ እጠይቅላታለሁ። ጎረቤት «ጨዋ ልጅ» ይላታል። ማታ ግን ስታለቅስ እሰማታለሁ። በንግግር ብቻ ይታከማል? መድኃኒት እንዳያስጀምሯት ፈራሁ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
እህቴ፣ ዓይን አፋር ልጅ ቆይታ ትለምዳለች። ልጅሽ ግን ከትምህርት እየቀረች፣ እያለቀሰችም ነው። የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስና ነው።

ይታከማል። ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚለውጥ የንግግር ሕክምና ወሬ ብቻ አይደለም፣ ልምምድ አለው። ከባለሙያው ጋር ሆና የሚያስፈሯትን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትደረድራለች። መጀመሪያ ሱቅ ገብቶ ዋጋ መጠየቅ። ቆይቶ «ወራጅ አለ» ማለት። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከመሞከሯ በፊት የፈራችውን ትጽፋለች፦ «ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ይስቁብኛል»። ስትወርድ የሆነውን ትጽፋለች። ተሳፋሪው ስልኩን ሲነካካ የምታየው ግን ቀና ካለች ነው። አንገቷን ደፍታ «ድምፄ ተንቀጠቀጠ?» እያለች ራሷን ካዳመጠች፣ ማንም ባይስቅባትም ፍርሃቱ አይለቃትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ካቀረቡት ሐሳብ ዋናው ይህ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለታዳጊዎች ሲቢቲን ያስቀድማል፤ መድኃኒት እንደ ልማድ እንዳይታዘዝም ይላል።

ሱቅ ላይ መጠየቅሽን ቀስ በቀስ ተዪላት፤ ከእሷ ጋር ተስማምታችሁ እንጂ በድንገት አይሁን።

ወጣት ከኮዬ ፈጬ፦
እትዬ፣ እኔም አልፌበታለሁ። እባክዎ በግድ አይግፏት። እኔን «ሰው መሀል ካልገባህ አትለምድም» ብለው ሠርግ ላይ ማይክ አስያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ድግስ የሚባል ጠላሁ። የረዳኝ ደረጃ በደረጃ የሄድኩበት ሕክምና ነው፤ ደረጃውንም እኔው ነበርኩ የምመርጠው።

እናት ከቦሌ አራብሳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኛ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርበናል፤ እዚያ ይሆናል?

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
አዎ፣ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው። ስትሄዱ ታዳጊዎችን የሚያይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠይቂ። መሞትን ካነሳች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ውሰጃት። ባለሙያው ዘንድ ስትገቡ ጥያቄው ለእሷ ሲቀርብ እሷ ትመልስ። ዝም ብትልም ታገሺ፣ አትመልሺላት።